የማይከፍለው ደንበኛ

ጥር 4

ከሥልጠናው ትናንት ማታ ገባሁ። ዛሬ ሥራ። መነጽር ቤቱ እንደተውኩት ነው፣ አቧራው እንኳን ቦታውን አልለቀቀም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አዲሱ የመስታወት መሞረጃ ማሽን የተማርኩትን አለቃዬ ቆሞ በአምስት ደቂቃ ሰማኝ። "እሱ ብቻ ነው?" አለ።

ማታ ልብስ አጠብኩ። ሻንጣው ውስጥ ያለው ግማሹ ያልለበስኩት ነው... ለምንድነው ሁልጊዜ እንዲህ የምሸከመው? እማዬ ከስታ ጠበቀችኝ። ብዙ አላወራችም። ነሐሴ ላይ አባዬ ካረፈ ወዲህ ብዙ አታወራም፤ እኔም ብዙ አልጠይቃትም።

ወለል ስጠርግ ከሳሎኑ መስኮት ሥር አንድ ቅጠል አገኘሁ። የአባዬ ዛፍ ቅጠል ነው። ቢጫ ሆኗል። ላነሳው ስል ጣቴ ላይ ፈረጠ፣ ውሃ ብቻ። መቼም አንድ ቅጠል ይወድቃል... ደክሞኛል፣ ነገ በብርሃን አየዋለሁ።

ጥር 5

አንድ ቅጠል አይደለም።

ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ያየሁትን ልጻፈው፣ ምናልባት ንዴቴ ይበርድልኝ ይሆናል። የግንዱ ዙሪያ በሙሉ የረገፈ ቅጠል። የቀረውም አንጠልጥሎታል እንጂ አልያዘውም፣ ጠረጴዛውን ነካ ሳደርገው ሌላ ወደቀ። አፈሩ ላይ ጣቴን ሰደድኩ። ጭቃ። ሽታ አለው፣ የረጋ ውሃ ሽታ።

ይኼ ዛፍ እኮ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። አባዬ ጸጉር አስተካካይ ሆኖ ሱቅ በከፈተ ሰሞን ነው ከአንድ ደንበኛው ቁራጭ ቅርንጫፍ ተቀብሎ ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ የተከለው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ውሃውን በሆዱ የሚያጠራቅም ዓይነት። እሁድ እሁድ በጸጉር መቀሱ እየከረከመ፣ እያሳጠረ፣ ክንድ በማይሞላ ቁመት ላይ ግንዱን እንደ ሽማግሌ ጉልበት አወፈረው። ቦንሳይ ይባላል ብለው ነግረውት ነበር። እሱ ግን "ደንበኛዬ" ነበር የሚለው። የማይከፍል ደንበኛ... ግን ወሬ አያበዛም፣ አንዴም "አበላሸኸኝ" ብሎ አያውቅም፣ ይላል።

ለምሳ ወንድሜ ከነሚስቱ መጣ። ታላቄ ነው፣ ቤቱ ከእኛ ሕንፃ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ቁልፍ አለው። "ሊቀመንበር" እለዋለሁ፣ ሁለት ሰው ባየበት ሁሉ ስብሰባ ይከፍታላ። ዛፉን ማን እንዳጠጣው ጠየቅኩ። ስሄድ እኮ ነግሬያቸው ነበር። አጠጥቼዋለሁ፣ እስክመለስ ምንም አይፈልግም፣ አትንኩት ብዬ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጎራ እያለ "ትንሽ" አጠጥቷል። እማዬ በሐዘኗ ላይ ሆና ትረሳዋለች ብሎ ነው። ሚስቱ ቀና አለች። እሷ ደግሞ ባሏ ቃሉን እንደሚረሳ ስለምታውቅ ቀን ቀን እየመጣች ታጠጣ ነበር። ባልና ሚስት ተያዩ። እማዬ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

"አንቺስ?" አልኳት።

"ጠዋት ጠዋት ብቻ" አለች።

አንዱ አንዱን ስላላመነ በቀን ሦስት ጊዜ! በዚህ ቤት ሰው ሰውን አምኖ አያውቅም፣ ዳፋው ለዛፉ ተረፈ። በዚያ ላይ ሊቀመንበር ኩራት ኩራት እያለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው... ውሃው ከሥር እየተንጠባጠበ ጠረጴዛውን ሲያበላሽ አይቶ የሸክላውን ቀዳዳ መታጠቢያ ቤቱን ባሸገበት ማጣበቂያ ደፈነው። ለጠረጴዛው አስቦ። ጠረጴዛው የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ይመስል! ደሜ ፈላ። ሹካዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ከኋላዬ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ሲል ሰማሁት። እንዲፈስ አይደል ቀዳዳ የተበጀለት።

ጥር 6

ዛሬ ማንንም ላናግር አልፈልግም። ማንንም።

ጥር 7

ከሥራ እንደገባሁ ጋዜጣ አንጥፌ ዛፉን ከሸክላው አወጣሁት። መጀመሪያ ማጣበቂያውን በቢላ ፋቅኩ፣ ጥቁር ውሃ ተንዠቀዠቀ። ሽታው እስከ ኩሽና ደረሰ። ሥሩ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? መሃሉ ትንሽ ነጭ አለ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ ስስበው ልጡ እጄ ላይ ይቀራል።

የአባዬን መቀስ አወጣሁ። መሳቢያው ውስጥ ከነማበጠሪያው፣ ከነአልኮሉ ተቀምጧል። መቀሱን እሱ እንደሚያደርገው በአልኮል ጠርጌ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጥኩ። እየቆረጥኩ እሰድባለሁ። ሊቀመንበርን፣ ሚስቱን፣ ሥልጠናውን፣ አለቃዬን። አባዬንም ጭምር። ይኼን ሁሉ ዓመት ሲከረክመው አጠገቡ ቆሜ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሲጠማው ቅጠሉ እንደ ሽማግሌ ጣት ይሸበሸባል። ያኔ ስጪው። እስከዚያ ዝም በይው።" ሲሰምጥ ምን እንደሚደረግ አልነገረኝም። እሱ እጅ ላይ ሰምጦ ስለማያውቅ ይሆናል።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እንዲህ ተራቁቶ ሊያድር ነው ወይ አለች። ሥሩ ይድረቅ፣ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ ይተከላል አልኳት። ድምፄ ሻካራ ነበር፣ አውቃለሁ። ወደ ክፍሏ ገባች።

ሳጸዳ የአባዬን ትንሿን ብርጭቆ መስኮቱ ጥግ ላይ አገኘኋት። ኩላሊቱ ደክሞ ሐኪሙ ውሃ እየለካችሁ ስጡት ያለ ጊዜ እማዬ የምትለካባት ናት። እዚህ ምን ትሠራለች? አጥቤ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባኋት።

ጥር 9

አንድ ደንበኛ የሰጠችኝን መስታወት አበላሸሁ። ማሽኑ ሲሞርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርድለታል፣ ቧንቧውን መክፈት ረሳሁ፣ መስታወቱ ጠርዙ ተቃጠለ። ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ፣ ያቃጠልኩት እኔ። አለቃዬ መጥቶ አየው። ቅርጫት ውስጥ ጥሎት ሄደ፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሊቀመንበር ደወለ። ከሚስቱ ጋር ተመካክረው ውሳኔ ላይ ደርሰዋል። ገበያ ላይ ልክ እንደሱ ዓይነት ትንሽ ዛፍ አይቷል፣ ገዝቶ ያመጣል፣ እማዬ ልዩነቱን አታውቀውም አለ።

አታውቀውም! አባዬ እሁድ በመጣ ቁጥር ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀምጣ "እዚህ ጋ አበዛኸው፣ እዚያ ጋ ተውከው" ስትለው የኖረች ሴት። ወደ መስኮቱ የምታዘነብለዋን ቅርንጫፍ አባዬ "ሚዛኑን አበላሸችብኝ፣ ልቁረጣት" ባለ ቁጥር "እሷን ከነካህ አንተ ጋ አልቀመጥም" እያለች ስንት ዓመት ያስጣለችው እሷ አይደለችም? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጥር 12

ሥሩ ደርቋል። ጠጠር፣ ደረቅ አሸዋና ትንሽ አፈር ቀላቅዬ እዚያው ሸክላ ላይ መልሼ ተከልኩት። ውሃ ጠብ አላደረግኩም። ቀዳዳዎቹ ተከፍተዋል፣ ሁለት ጊዜ በክብሪት እንጨት ወግቼ አየሁ።

ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። እኔ ራሴ ስጡት እስክል ድረስ አንድ ሰው አንዲት ጠብታ ቢያስነካው አልፋታውም። ሊቀመንበር ቃለ ጉባኤ እንያዝ ብሎ ቀለደ። ሚስቱ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም።

ጥር 18

ቅጠል መርገፉን አቆመ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድም አልወደቀም። ላይኛው ጫፍ ላይ ያሉት ጠንከር ብለዋል። ማንንም ሰላም ሳልል ወደ ሥራ ሄድኩ፣ ግን ደረጃውን ስወርድ ማፏጨቴን ታች ስደርስ ነው ያወቅኩት።

ጥር 21

አፈሩ እርጥብ ነው።

አላመንኩም። ጣቴን ሰደድኩ፣ እስከ ሥሩ እርጥብ። ከሥር የተቀመጠው ሰሃን ላይ ውሃ ተጠራቅሟል። ኮቴን ሳላወልቅ ወደ ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፣ አልፌያት ገባሁ።

ምን ምን እንዳልኩት ሁሉንም አልጽፍም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነህ አልኩት። አባዬ ሆስፒታል ሲተኛ በሳምንት አንዴ ብቅ እያልክ ሐኪሞቹን ስታስተምር ነበር፣ ወጥተህ ስትሄድ እኛ ነን የቀረነው አልኩት። ያቺኛዋ ትንሽ ከበደች... ግን ውሸት ናት? ፊቱ አመድ መሰለ።

"ካጠጣሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለኝ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችሁ የገባሁት አንዴ ነው፣ እሱንም አንቺ እያለሽ።"

ሚስቱም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማለች። አላመንኳቸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለኝ። በሩን አጮህኩት።

ጥር 22

ዛሬ መብራት ስለሌለ አለቃዬ ከምሳ በኋላ ለቀቀን። ቤት ስገባ የበሩ ድምፅ አልተሰማትም መሰለኝ። እማዬ ከዛፉ ፊት ቆማለች። በእጇ የአባዬ ትንሿ ብርጭቆ። ቀስ አድርጋ ታፈሳለች፣ እንደ በሽተኛ አፍ ጠጋ አድርጋ።

ጮህኩባት። በእናቴ ላይ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ገደልሽው አልኳት። ወንድሜ ቤት ሄጄ ያላደረገውን አደረግክ ስለው ዝም ብለሽ አየሽኝ አልኳት። የአባዬን አንድ ነገር ብቻ ነው ላተርፍ የሞከርኩት፣ እሱንም አልሰጥ አልሽኝ አልኳት። ብርጭቆዋን ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ። አልለቀቀችም። ከዚያ ተናገረች። ቃል በቃል ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

"አባትሽ ውሃ ስጪኝ እያለኝ ነው የሞተው።"

እጄን መለስኩ።

"በዚችው ነበር የምለካለት። ያን ቀን ድርሻው አልቋል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አይሆንም ብለዋል አልኩት። 'አንቺ ሴት፣ ይኼን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን ጠብታ ውሃ ትነፍጊኛለሽ?' አለኝ። ነፈግኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም። ሐኪሙን ጠየቅኩት፣ ብትሰጪውም ባትሰጪውም ያው ነበር አለኝ። ያው ከነበረ ለምን ከለከሉኝ?"

ቀጠለችና፣ "አንቺ ደግሞ መጥተሽ ለዛፉም አትስጪ አልሽኝ" አለች።

ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ።

ጥር 23

ስናደድ ነው የዋልኩት። በእማዬ አይደለም። በማን እንደሆነ እንኳን... በሐኪሙ? ሥራውን ነው የሠራው። አባዬ ላይ ነው። አዎ፣ አባዬ ላይ ተናድጃለሁ። እንዴት እንደዚያ ይላታል? ስንት የሚያምር ነገር መናገር የሚችል ሰው፣ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠውን ሁሉ እያሳቀ ሲሸኝ የኖረ፣ ለእሷ የተወላት የመጨረሻ ቃል ይኼ? ጠምቶት ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ሲጠማው ምን ይላል... ቢሆንም ተናድጃለሁ።

እኔስ? ስንት ወር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው ብዬ አልጠየቅኳት።

ጥር 25

ግንዱ ከታች ለሰለሰ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ።

አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ... ያን ቀን ሥሩን ስቆርጥ እጄ ሳስቶ ነበር፣ ትንሽ ቡናማ የነካውን ይተርፋል ብዬ ትቼዋለሁ። ከዚያ ደግሞ የብርጭቆዋ ውሃ ተጨመረ። አሁን ያለው መንገድ አንድ ነው። ከበሰበሰው በላይ ቆርጦ የዳነውን ክፍል እንደ አዲስ መትከል። የአባዬ ወፍራም ግንድ፣ የሽማግሌው ጉልበት፣ አበቃለት ማለት ነው።

እማዬን ጠራኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ "እራት ቀርቧል" ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። ያዢልኝ አልኳት። ያዘች። መጋዝ ከታችኛው ጎረቤት ተውሼ መጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ቆረጥኩ፣ መሃሉ ቡናማ ነው። ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ፣ አሁንም ቡናማ ነው። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ስንወጣ ሁሉም ውስጡ ተነክቷል። እየተናደድኩ መጋዙን ስገፋው እማዬ ቀስ በይ አለችኝ። በመጨረሻ ንጹሕ አረንጓዴ የሆነች አንዲት ብቻ ተገኘች፣ ከጎን የወጣችው፣ ወደ መስኮቱ የምታዘነብለዋ።

እማዬ አፏን በእጇ ይዛ አየቻት። "ይቺኑ?" አለች። ከዚያ ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ መሳቋን አላየሁም። "ልቁረጣት ልቁረጣት እንዳለ ሄደ" አለች፣ ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። መጋዙን እንደያዝኩ።

ከዚያ መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ። ቁስሏ እስኪደርቅ መደርደሪያው ላይ ትቀመጣለች፣ ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ። ከተተከለችም በኋላ ሥር እስክታወጣ ውሃ የለም። ቅጠሏ ይሸበሸባል፣ የምትሞት ትመስላለች። ውሃ ካገኘች ግን ትበሰብሳለች። እኔ ሥራ ነው የምውለው፣ አንቺ ነሽ ከእሷ ጋር የምትውይው፣ አልኳት።

"ሐኪሙም እንዲህ ነበር ያለኝ" አለች።

መጋዙን ጠራረግኩ። ቅርንጫፏን ራሷ አንስታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት።

ጥር 27

ሊቀመንበር ጋ ሄድኩ። ያለ ሥራህ ከሰስኩህ አልኩት። ይቅርታ መጠየቅሽ ነው ወይ አለ። ለሁለተኛው ውሃ ይቅርታ፣ ለመጀመሪያው ግን አልጠይቅም፣ የመጀመሪያው የአንተ ነው፣ ማጣበቂያውም የአንተ ነው አልኩት። ሚስቱ ከኩሽና "ልክ ናት" አለች። ስለ ሆስፒታሉ ያልኩትን አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁም። እማዬ የነገረችኝን ግን ነገርኩት። ወለሉን እያየ "ለእኔ አልነገረችኝም" አለ። ይኼ ሰው ለመናደድ እንኳን ፋታ አይሰጥም... ስወጣ ራሱ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

የካቲት 3

ተተከለች። በአባዬ ሸክላ ላይ ትልቅ ሜዳ ላይ እንደ ጠፋ ልጅ ሆናለች። አስቀያሚ ነች፣ ልዋሽ? ዘንባላ፣ ቅጠሏ የተቆጠረ። ጓደኛ ቢያያት ይኼ ነው ወይ ያን ሁሉ ያስጮኸሽ ይለኛል።

የካቲት 11

ተሸብሽባለች። ሁሉም ቅጠሏ። እኔ ራሴ ማየት አቃተኝ፣ ጠዋት ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍኩት። እማዬ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀምጣለች፣ እሁድ እሁድ የምትቀመጥበት ቦታ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ትንሿ ብርጭቆ የለችም፣ የት እንዳስቀመጠቻት አልጠየቅኩም።

ማታ ስገባ አፈሩን ነካሁ። ደረቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስነካው ደረቅ ነው። እያየችኝ መንካቴን ማቆም አለብኝ። ነገ አልነካውም።

የካቲት 19

ሊቀመንበር በሥራ ሰዓት ደወለ፣ ስሞታ። ለእኛ ብሎ መርጫ ገዝቶ መጥቶ ነበር፣ ቅጠሏን ብቻ ጤዛ ሊያለብሳት። "እማዬ እጄን መታችኝ" አለኝ። ልጆች የሚያስተምር ትልቅ ሰው እጁን ተመታ! መርጫውን ነጥቃው የበሩን ቁልፍም ተቀብላዋለች። ሁለተኛ ሳይደውል እንዳይመጣ። ምን ልታደርጊ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ስስቅ አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ፣ የምሞርደውን መስታወት ግን አላበላሸሁም።

መጋቢት 2

አዲስ ነገር የለም። ደረቅ ናት፣ የተሸበሸበች ናት፣ አለች። እማዬ በልታ መተኛት ጀምራለች። ስለ አባዬ ታወራለች፣ አብዛኛው ክፉ ክፉውን። ሲያንኮራፋ፣ ሲቆጣ፣ ካልሲውን የትም ሲጥል። እኔም የእኔን ጨመርኩላት። አንድ ምሽት ሙሉ ሰውየውን ቦጨቅነው። ቀልሎኝ ተኛሁ።

መጋቢት 9

ዛሬ ሥራ ቦታ ስልኬ ጠራ፣ እማዬ። እሷ ቀን ቀን ደውላ አታውቅም።

ቅርንጫፏን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ሳብ አደረገቻት። አልመጣችም። "ይዛለች" አለችኝ። "ሥር አውጥታለች። ጫፏ ላይም ሁለት ትንንሽ ቅጠል አለ፣ መነጽሬን አድርጌ ነው ያየሁት።" ቀጥላ፣ "ታዲያ ጠምቷታል ማለት ነው" አለች።

ቆዪኝ፣ እየመጣሁ ነው አልኳት። አለቃዬን አስፈቀድኩ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ዛፍ ሲያጠጡ ለማየት ነው ብል ከሥራ ያባርረኛል። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት።

እማዬ ሳትነካት ጠበቀችኝ። ትንሿ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣ ሞልታ። ማጠጣት ያለብኝ እኔ መስሏት ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። መልሼ ወደ እሷ ገፋኋት።

"አንቺ ስጪያት" አልኳት።

ዙሪያውን ቀስ እያደረገች አፈሰሰች። ጠጠሩ ጠጣው። ከሥር በቀዳዳው ጠብ ጠብ ሲል ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሰማን። ጠረጴዛው ረጠበ፣ ይርጠብ። ሊቀመንበር ማጣበቂያ ይዞ ይምጣና ጉዱን ያያል፣ በእሱ ላይ አሁንም አልበረደልኝም።

ግማሽ ሲቀር እማዬ አቆመች። ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት። "ይበቃታል" አለች። የተረፈውን ራሷ ጠጣችው፣ እስከ ታች። ከዚያ ብርጭቆዋን አጥባ ኩሽና ውስጥ ከሌሎቹ ብርጭቆዎች ጋር ደረደረቻት።